የልጆች ምርቃት

ክረምት ሲባል እንደ ፈረንጁ በረዶ አይታየን፤ የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። ጉለሌ ደግሞ የእንጦጦ ግርጌ ነውና ጎርፉ በየመንደሩ መሀል እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ጉሙም ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ያረፍዳል። የዚህ ጨፍጋጋ ወራት በዓል እንግዲህ ቡሄ ነው፤ ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር ዕለት።

በካናዳ የኩቤክ ከተማ ሰዎች ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚያከብሩት የክረምት ካርኒቫል አላቸው። ካርኒቫል ዱሮውኑ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተበልቶ ተጠጥቶ የሚፈነጠዝበት ልማድ ነው። ቡሄ ግን የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ቅቤ የለ፣ ዕንቁላል የለ፤ ያለው ሙልሙል ዳቦ ነው።

አባቶች ሲያስረዱ፣ ጅራፉ በታቦር ተራራ ከደመናው የተሰማው ድምፅ፣ ችቦው የዚያን ዕለት ብርሃን ምሳሌ ነው ይላሉ። ብርሃኑ አታሏቸው መሽቶ ሳለ በሜዳ ለቆዩት እረኞችም ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው ወጡ፤ ሙልሙሉ የዚያ መታሰቢያ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ምርቃቱ ነው። በአገራችን መራቂው ሽማግሌ ነው፤ ልጅ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። በቡሄ ነገሩ ይገለበጣል። ልጆቹ ጨፍረው ሲያበቁ ቤቱን ይመርቃሉ፤ አባወራውና እመቤቲቱ ደጃፍ ቆመው «አሜን» ይላሉ።

ይህ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ቀላል ነገር አይደለም። ሰፈሩ የሸማኔ ሰፈር ነው። ከጋሞ ደጋ ከዘመድ ጋር መጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ቀሰም የሚያጠነጥን ልጅ አለ። «ቶሎ በል!» ከማለት በቀር ማን ያናግረዋል? ያው ልጅ በቡሄ ማታ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ ያወርዳል፤ ጓደኞቹም ይቀበሉታል። ባለ ትልቁ አጥርም በሩን ከፍቶ ያዳምጠዋል። በዓመት አንድ ማታ ቢሆንም እኮ አንድ ማታ ነው!

አሁን አሁን በሙልሙሉ ፈንታ ብር ይሰጣል። ይሰጥ፤ ለደሃ ልጅ ደብተር ይሆነዋል፤ ስንዴውም ተወዷል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ገና ዜማውን ሲጀምሩ ብሩን በበሩ ቀዳዳ አሹልኮ «በቃ፣ ሂዱ» የሚል ሰው በዝቷል። አሜን የሚለው የታጣ ምርቃት ልመና ይሆናል። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ከሚቀጥለው ደጅ ሲደርስ ዜማውን ያሳጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ምርቃቱንም ይተወዋል፤ የሚቀረው የተዘረጋው እጅ ብቻ ነው።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ቡሄ የሚውለው አብዛኞቻችን ለዕረፍት በየቤታችን ሳለን ነው። ውሻውን እንሰር፣ በሩን እንክፈት፣ ሙልሙልም ይሁን ብር ምርቃቱን ሰምተን በእጃቸው እንስጥ። አሜን ለማለት ገንዘብ አይጠይቅም።