ኩንታልና ጉንጣር

መተማ ባለው የሰሊጥ መጋዘናችን ሙቀት የምታነብ አንዲት የአርዱዊኖ ቦርድ ነበረችን። በተቃጠለች ጊዜ ፕሮግራሟን እንዳለ ወደ ኢኤስፒ32 አዛወርሁት። አንድም ስህተት ሳያሳይ ተጫነ። 40 ዲግሪ በሆነው መጋዘን ግን ውሃ ከሚያፈላ ሙቀት የበለጠ ቁጥር አወጣ!

ሌሊቱን ሙሉ መስመር በመስመር ስመረምር አደርሁ። ዕድሜውን በሰሊጥ ንግድ ያሳለፈው አባቴ ግን፣ «ልጄ፣ ሚዛኑን አይተኸዋል?» አለኝ። «እኛ ኩንታል ስንል 100 ኪሎ ነው፤ ድንበሩን ተሻግረህ ገላባት ጉንጣር ቢሉህ 100 ረጥል፣ 45 ኪሎ ገደማ ነው። ስሙ ወንድማማች፣ ክብደቱ ባዕድ።»

እውነቱን ነበር። አሮጌዋ ቦርድ 5 ቮልትን በ1024 ደረጃ ትከፍላለች፤ አዲሷ 3.3 ቮልትን በ4096። እርሷ በራሷ ሚዛን ቆጠረች፤ እኔ በአሮጌው ተረጎምሁት።

ስሌቱን አስተካከልሁ። ልቤን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ያ ቁጥር እጅግ ስለተጋነነ ውሸቱ ራሱን አጋለጠ። 38 ብሎን ቢሆን ኖሮ አምነነው፣ የዓመት ልፋታችን እየጋለ በሰላም በተኛን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ስጽፍ፣ የየትኛው አገር ሚዛን እንደሆነ ከጎኑ እጽፋለሁ።