ዘር ወይስ አስተዳደግ?

በአገራችን ስለ ልጅ ጠባይ የሚነገሩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከአህያ ጋር ስለ ዋለች ጊደር የሚነገረው ነው፤ ጊደሪቱ ምን ተምራ እንደ መጣች አንባቢ ስለሚያውቀው፣ ይህም መጽሔት በጨዋ ቤት የሚነበብ ስለ ሆነ፣ ፍጻሜውን አልጽፈውም። ሁለቱ ምሳሌዎች ከተጣሉ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ሰው ሁለቱንም በአንድ ልጅ ላይ ከመጥቀስ አፍሮ አያውቅም። ልጁ ባለጌ ቢሆን «አሳዳጊ የበደለው» ተብሎ እናቱ ትወቀሳለች፤ ጨዋ ቢሆን ግን «የአባቱ ልጅ» ተብሎ ወደ አባቱ ይወሰዳል። በዚህ ሒሳብ እናት ሁልጊዜ ባለዕዳ ናት።

እኔ በሰበታ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነኝ። ታላቁን ወለድሁት፤ ታናሹን ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ በጉዲፈቻ ተቀበልሁት። ሁለቱንም አንድ ጣራ፣ አንድ ገበታና አንድ ቍጣ አሳድጓቸዋል። ስለዚህ ሊቃውንት በብዙ ገንዘብ የሚያካሂዱት ምርመራ በእኔ ቤት ያለ ደመወዝ ይካሄዳል ማለት ነው።

የምርመራውም ውጤት እንደሚከተለው ነው። የወለድሁት ልጅ አንዱን ጫማ በር ላይ፣ ሌላውን አልጋ ሥር የሚጥል፣ ደብተሩን በየስፍራው የሚረሳ ነው። በጉዲፈቻ ያመጣሁት ግን ሳይተኛ እርሳሶቹን በቁመታቸው ተራ ይደረድራል፤ የተሰጠውን ገንዘብ በወረቀት ይጽፋል፤ ሲናደድም እንደ እኔ ዝም ብሎ ግንባሩን ያሻል። ጎረቤቱ ሁሉ «ቍርጥ እናቱን!» ይላል። ታላቁ ጠባዩን ከማን እንደ ወሰደ ስጠይቅ ግን ባለቤቴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል።

በዚህ ብቻ ለአስተዳደግ እንዳልፈርድ ደግሞ የሚያግደኝ ነገር አለ። ጠብ እንዳይለምዱ ብዬ መጫወቻ ጠመንጃ ገዝቼላቸው አላውቅም፤ አሻንጉሊትና ትንሽ መጥረጊያ ሰጠኋቸው። መጥረጊያው ሳይውል ሳያድር ፈረስ ሆነ፤ አሻንጉሊቷም በጦር ሜዳ ቈስላ በነጠላዬ ተጠቅልላ ተገኘች። ይህን ማን አስተማራቸው? ተፈጥሮ ነው እንዳልል፣ ትምህርቱ የሚጀመረው በተወለዱበት ዕለት ነው፤ በብዙ ስፍራ ለወንድ ልጅ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ እልል ይባላልና። ቀጥሎም አጎት መጥቶ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይላል። ገና ጥርስ ሳያበቅል ይህን ያህል የተሰበከ ልጅ ከተፈጥሮው ምን ያህል እንደ ቀረለት ማን ያውቃል?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው የአንድ ቤት ልጆች ሆነዋል። በዚህ ነገር የእኔ ዘመዶች አሳብ ግን አልተጠቃለለም። በሱሉልታ ከብት የሚያረቡት አማቴ ለዘር ያደላሉ። በቡራዩ መምህር የሆነው ወንድሜ ደግሞ ለአስተዳደግ ይከራከራል። በአንድ በዓል ቀን «እማማ፥ ያች የሚመኩባት ላም ድርቆሽ ባታገኝ ወተቷ ከየት ይመጣ ነበር?» አላቸው። እርሳቸውም «ድርቆሹንማ ለበሬውም እሰጠዋለሁ፤ እስቲ ሄደህ እለበው!» ብለው መለሱለት።

ክርክሩ በእኛ ቤት ብቻ የተጀመረ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን የሕፃን አእምሮ እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነው ብሎ አስተማረ። ፍራንሲስ ጋልተን ደግሞ በ1874 እ.ኤ.አ. ተፈጥሮንና አስተዳደግን አነጻጽሮ ስለ አገሩ ሊቃውንት ባሳተመው መጽሐፍ ሚዛኑን ወደ ዘር አዘነበለ። የዛሬ ተመራማሪዎች ሁለቱ የተጠላለፉ መሆናቸውን ይነግሩናል። የአርሲዋን በቆጂ እንመልከት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ የዚያች ከተማ ልጅ ናት፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ናቸው። ሰው ይህን ለደማቸውና ለደጋው አየር ይሰጠዋል። ነገር ግን በዚያው ከተማ ልጆችን እየሰበሰበ ያስሮጠ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አስተማሪም ነበረ።

«ዘር» የሚለው ቃል በሣቅ ጊዜ ያስቃል፤ በጠብ ጊዜ ግን ያቈስላል። ባለፈው ዓመት ልጆቼ ኳስ ሲጫወቱ የአንድ ጎረቤት የመስኮት መስታወት ተሰበረ። ስለ ታላቁ «ልጅ ነው፤ ያጠፋል» ተባለ። ስለ ታናሹ ግን «ምን ይደረግ፤ ዘሩ አይታወቅ» ተባለ፤ ልጁም ሰማ። ማታ በአልጋው ላይ ሆኖ «እማዬ፥ የእኔ ዘር መስታወት ይሰብራል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ መልስ ስፈልግ ታላቁ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «የመታሁት እኔ ነኝ፤ እሱ በረኛ ነበር» ሲል መሰከረ። ከሎክና ከጋልተን ይልቅ ይህ ምስክርነት በልቤ ተጽፎ ይኖራል።

እንዲህ ላለው ጥያቄ የዚህ አካባቢ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ከጥንት ጀምሮ መልስ ሰጥተውበታል። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ማሳደግ ማለት ነው፤ በሥርዓቱ የተቀበሉት ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ ይቈጠራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሕጉና ባህሉ ከተስማሙ የቀረው የጎረቤት አንደበት ነው።

ስለዚህ እኛ ወላጆች፣ መምህራንና ሹማምንት፣ አንድ ልጅ ባጠፋ ጊዜ «የማን ዘር ነህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብንለው መልካም ነው። አማቴ እንዳሉት በሬ በድርቆሽ ብዛት አይታለብም፤ ወንድሜ እንዳለውም ላም ያለ ድርቆሽ አትታለብም። የአሳዳጊ ሥራ ግን ማን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሳይፈርዱ ሁሉንም እኩል ማብላት ነው።