ስልክ የማይጠራበት ሸለቆ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንነሳ ገና ጎህ አልቀደደም ነበር። ልጄ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከኋላ ጋቢዬን ተከናንባ ተኝታለች። የምንሄደው ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ወዳለች፣ ግሪን ባንክ ወደምትባል መንደር ነው። የፊዚክስ መምህሯ ስድስት ተማሪዎችን እዚያ ቀጥሯቸዋል፤ ቤተሰብም መምጣት ይችላል ተብሏል።

ሃሪሰንበርግን አልፈን ጠመዝማዛው ዳገት ሲጀምር ጣርማ በር ትዝ አለኝ። ጥቂት እንደተጓዝን የልጄ ስልክ ኔትወርክ ጠፋ። ልጄ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት።

«ከሥራ ቢደውሉልኝስ?» አለች።

«ማሚ፣ እዚያ ስልክ አይሠራም፤ ነግሬሽ ነበር» የሚል ድምፅ ከጋቢው ውስጥ መጣ።

እውነቷን ነው። በ1958 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) 34 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ አካባቢ የራዲዮ ጸጥታ ቀጣና ተብሎ ተከለለ። ምክንያቱም እዚህ የሚደመጠው ከሰማይ የሚመጣ፣ እጅግ የደከመ የራዲዮ ሞገድ ነው። አንድ የሞባይል ስልክ ለዚያ ጆሮ የሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ማለት ነው።

ቴሌስኮፑን ያየሁት ከሣር ሜዳና ከላሞች በላይ ድንገት ብቅ ሲል ነው። ነጭ ነው፤ ቁመቱ 148 ሜትር፣ ክብደቱ 7,700 ቶን ገደማ። ሳህኑ ከእግር ኳስ ሜዳ ይሰፋል፤ እንዲህም ሆኖ ወደፈለጉት የሰማይ አቅጣጫ ይዞራል። በ1988 አንድ ምሽት የወደቀውን የቀድሞውን ቴሌስኮፕ ተክቶ በ2000 ሥራ የጀመረ ነው። ወደ እሱ የሚወስደው አውቶቡስ በናፍጣ የሚሄድ ነው። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ የሚረጨው ብልጭታ እንኳ ይረብሻል አሉን። ዲጂታል ካሜራም ከአጥሩ ወዲያ አይገባም። እኔ ግን ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ምሳ ላይ ስድስቱም ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያወሩ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እዚህ ያመጣቸው ነገር መነሻው የሐዲድ ጥገና ነው። በ2007 በጋ ቴሌስኮፑ የሚዞርበት ሐዲድ ሲታደስ መዞር አልቻለም። ሳይንቲስቶቹ ግን ሥራ አልፈቱም። እሱ ባይዞር ምድር ትዞራለች፣ ሰማዩ ራሱ በላዩ ይለፍ ብለው 1,500 ሰዓት ያህል ቀዱ። ከዚያ ውስጥ 300 ሰዓት ያህሉን ለተማሪዎች ለይተው አስቀመጡ። ትርፍራፊ አይደለም፤ ገና ማንም ያላየው ነው።

ልጆቹ የሚፈልጉት ፑልሳር የሚባል ነገር ነው። ትልቅ ኮከብ ፈንድቶ ሲያበቃ የሚቀረው እምብርት፣ ክብደቱ ከፀሐያችን የሚበልጥ፣ ስፋቱ ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሉል ነው። እንደ አምቡላንስ መብራት እየተሽከረከረ በዞረ ቁጥር ሞገዱ እኛን ይነካል። የመጀመሪያውን በ1967 ያስተዋለችው ጆስሊን ቤል የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። በ1974 የኖቤል ሽልማቱ ለአማካሪዋ ሲሰጥ እሷ አልተካተተችም፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እዚህ ግን የተማሪ ግኝት በስሙ ይመዘገባል። በ2012 አንዲት የቨርጂኒያ ተማሪና አንድ የባልቲሞር ተማሪ ያገኙት ፑልሳር ከሌላ ኮከብ ጋር በ45 ቀን አንዴ የሚዞር ሆኖ ተገኝቶ፣ ግኝቱ በ2015 በሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

የልጅ ልጄም የራሷን ይዛ ነው የመጣችው። የበረዶውን ወራት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ግራፍ ስታይ ከርማ፣ የካቲት ላይ አንዱን መርጣ «ፑልሳር ሊሆን ይችላል» ብላ ምልክት አድርጋበታለች። አማካሪያቸው ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት የዶክትሬት ተማሪ ናት። ግራፉን አየችና ነው ወይም አይደለም አላለችም። «ርቀቱ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች።

ርቀት የሚለካበት ዘዴ ቀላል ነው። ታላቁ ሩጫን አስቡት። ከመስቀል አደባባይ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ፈጣኑና ዘገምተኛው ይራራቃሉ። ከሩቅ የመጣ ሞገድም እንዲሁ ነው፤ በሕዋ ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖች መካከል ሲያልፍ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ወደ ኋላ ይቀራል። መዘግየቱ ዜሮ ከሆነ ሩጫው የተጀመረው እዚሁ ደጃችን ነው፤ የሰው ማሽን ነው ማለት ነው።

«ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ቅርብ ያለ ፑልሳር ነው ብዬ ነው» አለች ልጅቷ።

«ሊሆን ይችላል። ኮከብ ቦታውን አይለቅም። በሌላ የሰማይ ክፍል ይኼው ምት እንዳለ እንዴት ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ሌላ ግራፍ ከፈተች። ምቱ አለ። ሌላ ከፈተች፤ አሁንም አለ። ሦስተኛው ላይ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። አማካሪዋ ከአፏ አንድ ቃል ሳታወጣ ጠበቀች።

ሃያ ሰባት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል፣ መሣሪያው ጠመኔና ሰሌዳ ነበር። አንድ ልጅ ብርሃን ለምን እንደሚታጠፍ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ «በፈተና አይመጣም፣ ተቀመጥ» ብዬዋለሁ። ሰባ ተማሪ ይዞ ሦስት ግራፍ እስኪከፈት ዝም ብሎ መጠበቅ ይቻላል አልልም። ለአንዱ ግን ይቻል ነበር።

«ጫጫታ ነው» አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ ራሷ።

«ጻፊው። እንዴት እንደደረስሽበትም ጻፊ» አለቻት አማካሪዋ።

ልጄ ኮሪደሩ ላይ ጎተተችኝ። «አባዬ፣ ዓይኗን ያጠፋችው ለዚህ ነው? የመኝታ ሰዓቷን፣ ውጤቷን...» ልጇ ፋርማሲ እንድትማር ትፈልጋለች፤ የሌሊት ተረኛ እናት አስተማማኝ ነገር ብትመኝ አልፈርድባትም። መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ዓይኗ እንደቀላ መጥታ በመካከላችን ቆመች። «ማሚ፣ ሥራው እኮ ይኼ ነው» ብቻ አለች። ፋርማሲ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ አለ።

ማታ ልጆቹ 40 ጫማ ስፋት ባለው አሮጌ ቴሌስኮፕ ተለማመዱ። የሚጽፈው በብዕር፣ በሚጠቀለል ወረቀት ላይ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ ብዕሩ ቀስ ብሎ ይነሳል። ስድስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩት ነበር። እኔም።

በነገራችን ላይ ቴሌስኮፕ ለማየት አሜሪካ መምጣት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያላችሁ አያቶች፣ እንጦጦ ላይ አንዳንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እነሱ የሚያዩት ብርሃን እንጂ የራዲዮ ሞገድ አይደለም፤ የልጅን ጥያቄ ለመቀስቀስ ግን ያው ነው።

ስንመለስ ሃሪሰንበርግ አካባቢ የልጄ ስልክ ተንጫጫ። ከሥራ የደወለ የለም። ማክሰኞ ማታ ልጅቷ ወንበር ስባ «አባባ፣ ና አብረን እንይ» አለችኝ። ሠላሳ ስድስት ግራፍ ጫጫታ ብለን አለፍን። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ እጄን ያዘች። መነጽሬን አስተካክዬ መዘግየቱን ፈለግኩ።

«ዜሮ» አልኩ።

«ዜሮ» አለች፤ ቀጣዩን ከፈተች።