የአጎቴ ጆሮ

አጎቴ የሚነዳት ባጃጅ ተገልብጣ ግንባሩ ተሰፋ፤ ትንሽ ራሱን ስቶ ነቃና በማግስቱ ቤቱ ገባ። «እግዜር አተረፈህ» ተብሎ ቡና ተፈላ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግን «ጆሮዬ ውስጥ ሽው ሽው ይላል፤ ሌሊት አያስተኛኝም» ማለት ጀመረ። «ሰው እያማህ ነው» አለችው እናቴ። ሳቅን።

ቀጥሎ ግራ ዓይኑ ቀላ። የዓይን ማዝ ነው ተባለና ጠብታ ተሰጠው። ቅላቱ ባሰበት፤ ዓይኑ ወደ ውጭ ገፋ፤ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር።

በኋላ ያገኘናት ወጣት ሐኪም «ዓይንህን ጨፍን» አለችውና ማዳመጫዋን ሽፋኑ ላይ አሳረፈች። ሰማች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ሽው... ሽው... ከልብ ምቱ ጋር እኩል! ስንስቅበት የከረምነው ድምፅ እውነት ነበር። አፈርኩ።

በአንገት ወደ ላይ የሚወጣው ካሮቲድ የሚባለው ደም ቅዳ፣ ከዓይን ጀርባ በደም መልስ ክፍል መሃል ያልፋል። ጭንቅላት ክፉኛ ሲመታ ግድግዳው እዚያ ሊቀደድ ይችላል። ያኔ በልብ ጉልበት የሚገፋው ደም፣ ለዝግታ ወደተሠራው ስስ ደም መልስ ይገባል። መውጫ ሲያጣ ወደ ዓይን ይመለሳል፤ ዓይን ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሊጠፋም ይችላል። ወደ አንጎል ከተመለሰ ደግሞ የአንጎል ደም መልሶች ተወጥረው ሊፈነዱ ይችላሉ፤ የግንባሩ ቁስል ከዳነ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ማለት ነው።

ሐኪሟ «ፊስቱላ» ስትል እናቴ «ወንድ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። አይፈረድባትም፤ እኛ ቃሉን የምናውቀው ከእነ ሐምሊን ሆስፒታል፣ ከወላድ እናቶች ጉዳት ጋር ነው። በላቲን ግን ቧንቧ ማለት ነው፤ መገናኘት የሌለባቸውን ሁለት ነገሮች የሚያገናኝ ቀዳዳ ሁሉ በዚሁ ይጠራል።

በ1809 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቤንጃሚን ትራቨርስ ዓይኗ ከልብ ምቷ ጋር እኩል የሚመታ ሴት ሲያክም፣ ያደረገው የአንገቷን ደም ቅዳ በክር ማሰር ነበር። ሞስኮ ላይ ፊዮዶር ሴርቢኔንኮ የተሻለ መላ አመጣ፤ ሐሳቡ የመጣለት በሜይ ዴይ በዓል በክር የተያዙ ፊኛዎች ሲያይ ነው ይባላል። ትንሽ ፊኛ በደም ሥር ውስጥ እየመራ ወስዶ ቀዳዳው ላይ ይነፋታል፣ ትቷት ይወጣል። ሥራውን በ1974 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ሌላውም ዓለም አወቀው። ዛሬ ብዙ ጊዜ በፊኛው ፋንታ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላቲነም ጥቅል ይገባል።

ለአጎቴም በብሽሽቱ በኩል ገብተው ደፈኑለት። ሲነቃ ዝም ብሎ ቆየና ወደ እናቴ ዞረ፦

«አንቺ፣ የሚያማኝ ሰው ጠፋ እንዴ?»