ስለ ጋልቬዝ

ሰሞኑን ስለ በርናርዶ ደ ጋልቬዝ እያነበብኩ ነው። የስፔን ሉዊዚያና ገዢ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1777 ገና በ30 ዓመቱ ነበር። በ1781 የወደብ ከተማዋን ፔንሳኮላን ከእንግሊዞች ሊወስድ ሲዘምት የባሕር ኃይሉ አዛዥ «መርከቦቼ አሸዋ ላይ ይቀራሉ» ብሎ ከባሕረ ሰላጤው መግቢያ ቆመ። ጋልቬዝ ዓርማውን ሰቅሎ፣ የምሽጉ መድፍ እየተተኮሰበት፣ በትንሽ መርከብ ዘልቆ ገባ። በኋላ የስፔን ንጉሥ «እኔ ብቻዬን» የሚል ቃል በጋሻ ምልክቱ ላይ እንዲሰፍር ፈቀደለት። (አብረውት የቀዘፉት መርከበኞች ግን የት ገቡ?)

የሜክሲኮ እንደራሴ ሳለ ረሃብ ሲገባ ከራሱ ኪስ ለእህል መግዣ ገንዘብ አወጣ። ይህ ልቤን ነካው። በ1786 ግን አፓቼ ለተባሉት የአገሬው ተወላጆች አረቄና በቶሎ የሚበላሽ ጠመንጃ እንዲሰጣቸው በጽሑፍ አዘዘ፤ የስፔን ጥገኛ ሆነው እንዲቀሩ። ይህን ይቅር ልለው አልቻልኩም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ በ40 ዓመቱ ሞተ።