ጫካው ባለቤት አለው

የአዲስ አበባ ወጣት ቅዳሜና እሁድን ጠብቆ፣ ቦርሳውን አዝሎ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ መውጣት ለምዷል። ደግ ልማድ ነው። ግን እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ጅማ እንሂድ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እግር ደርሶ እስኪፍታታ ትንሽ ወገብ ያማል እንጂ አይቆጭም።

መጀመሪያ ጅሬን። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከኮረብታው ላይ ነው። ባጃጅ ያደርሳል፤ እናንተ ግን በማለዳ በእግራችሁ ውጡ። ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው «አካም ጂርቱ?» ሲላችሁ «ፋያ» ማለት አትርሱ። ዱሮም ይህ አገር የእግረኛ አገር ነው። ወደ ጅማው ሂርማታ ገበያ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ ጨውን በአጋሰስ ጭኖ፣ ኬላውን እየከፈለ ነበር የሚያልፈው። ለመዝናናት የሄደ እንደነበር እንጃ።

ዋናው ጨዋታ ያለው ግን በሸቤ በኩል፣ «በለጠ ጌራ» በሚባለው ደን ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ሰው ያልነካው ዱር ይመስላል። ከላይ ቀረሮና ዋንዛ፣ ከሥር ቡና፤ ቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ ጅራቱን አንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። የከተማ ሰው እዚህ ጋ ይታለላል። ቡናው ባለቤት አለው! አጥር የለውም እንጂ ገበሬው የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ሥር ሥሩን ይመነጥራል፣ ጥላው ሲበዛ ያሳሳል፣ ጥላው ሲጠፋ ደግሞ ቡናው እንደሚጎዳ ስለሚያውቅ ትልልቁን ዛፍ አይነካም። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ቡና ያለ ጥላ አይሆንለትማ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጄይካ ድጋፍ «ዋቡብ» የሚባሉ የነዋሪዎች የደን ማኅበራት ተቋቁመዋል። ስለዚህ ስትሄዱ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጋችሁ ያዙ፤ ክፍያውንም አትከራከሩ።

ጥቅምትና ኅዳር ከሄዳችሁ ቀዩ እሸት ያጓጓችኋል። ቅመሱልኝ ቢሏችሁ ቅመሱ፣ ጣፋጭ ነው፤ ሳይሏችሁ ግን አንድ ፍሬ አትቅጠፉ። ያለ ፈቃድ መብላት የጥርኝ ልማድ ነው። እሱም ቢሆን ሥጋውን በልቶ ፍሬውን ሌላ ቦታ ስለሚጥልና ስለሚዘራ ውለታ አለው፤ እናንተ ምን ልትዘሩ ነው? በየመንደሩ ደጅ ጀንፈል ተሰጥቶ ስታዩም በላዩ አትራመዱ።

ጫማን በተመለከተ፣ የጅማ ቀይ ጭቃ ውድ የስፖርት ጫማ አያከብርም። ዝናቡ ክረምት አልፎም አይታመንም። ገበሬው የሚያደርገውን የፕላስቲክ ቦቲ ከገበያ ግዙ፤ ሳቃችሁን ቀድማችሁ ሳቁት።

ከአጋሮ ወዲያ ጮጬ ብትደርሱ ቡና የተገኘው እዚህ ነው ይሏችኋል። ወደ ቦንጋ ብትሻገሩ ደግሞ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን እያሳዩ የለም፣ እኛ ጋ ነው ይሏችኋል። በሁለቱም ቦታ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ።