ለጥቅምት ልጆች

መርካቶ ወርቅ ቤቶች ደጃፍ ሳልፍ ባለፈርጥ ቀለበት ካየሁ እግሬ ይያዛል። ዛሬ በውጭው ዓለም ለልደት ወር ጌጥ ባለቀለም አልማዝ የሚመርጡ አሉ። ቢጫው ቀለሙን ከናይትሮጅን፣ ሰማያዊው ከቦሮን ያገኛል። ያምራል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ጥቅምት ለተወለደች እህቴ እኔ የምመርጥላት ኦፓል ነው። የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጡት ዝርዝር የኦክቶበር ፈርጥ እሱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 መሆኑ ነው። የወገል ጤናው ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ የደላንታ ወጣቶች ገደሉን እየቦረቦሩ ያወጡታል። ጣት ላይ ሆኖ ትንሽ ዘንበል ሲል አረንጓዴው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። በአንድ ፈርጥ ይህን ሁሉ ቀለም አልማዝ አይሰጥም! ውሃ ውስጥ ሲቆይ ውሃውን ይመጥና እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ዘይትና ሽቶም ስለሚመጥ እነሱን አታስነኩት።

ለግንቦት ልጆች ደግሞ የሻኪሶ ኤመራልድ አለ። እባካችሁ ወርቅ ቤት ስትገቡ ያገራችንን ፈርጥ ጠይቁ፤ ጠያቂ ሲበዛ ነጋዴውም ያመጣዋል።